ፀሐይና ሥርዓተ ፀሐይ፦ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል፤ ወሩ በአማርኛ የተጻፈበት ቀን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ ሰዓቱም እንደዚያው።

ፀሐይ ኮከብ ናት ወይስ ፕላኔት?

ኮከብ ናት። ኮከብ ብርሃኑን ራሱ ያመነጫል፤ ፕላኔት ግን ከኮከብ የተቀበለውን ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል። ማታ የምናያቸው ከዋክብት የፀሐይ ዘመዶች ናቸው። ነጥብ መስለው የሚታዩት ስለሚርቁ ነው። ፀሐይ ከእኛ በአማካይ 149.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ትገኛለች። ከእሷ ቀጥሎ የሚቀርበን ፕሮክሲማ ሴንታውሪ የሚባለው ኮከብ ግን 40 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ይርቃል።

የፀሐይ ወርድ ወደ 1,392,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ 109 መሬቶች ጎን ለጎን ቢደረደሩ ነው ከዳር እስከ ዳሯ የሚደርሱት። በሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ ካለው ቁስ 99.86 በመቶው የተከማቸው እሷ ጋ ነው። ፕላኔቶቹ፣ ጨረቃዎቹ፣ ጅራታም ከዋክብቱና አለቱ ሁሉ የቀረችውን 0.14 በመቶ ይካፈላሉ፤ ከዚያችም አብዛኛውን የሚወስደው ጁፒተር ነው።

ፕላኔቶቹ ስንት ናቸው? ቅደም ተከተላቸውስ?

ስምንት ናቸው። ከፀሐይ ወደ ውጭ ሲቆጠሩ ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ መሬት፣ ማርስ፣ ጁፒተር፣ ሳተርን፣ ዩራነስና ኔፕቱን ይባላሉ። በቆዩ መጻሕፍት አጣርድ፣ ዝሁራ፣ መሪኅ፣ መሽተሪና ዙሐል የሚሉ ስሞች ካጋጠሟችሁ፣ በቅደም ተከተል ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ማርስ፣ ጁፒተርና ሳተርን ማለት ነው፤ ስሞቹ ከዓረብኛ የመጡ ናቸው። ዩራነስና ኔፕቱን እንዲህ ያለ የቆየ ስም የላቸውም፤ የተገኙት በ1781 እና በ1846 እ.ኤ.አ. በቴሌስኮፕ ነውና።

የመጀመሪያዎቹ አራቱ ድንጋያማ ናቸው። ጁፒተርና ሳተርን በአብዛኛው ሃይድሮጂንና ሂሊየም ሲሆኑ፣ የምንቆምበት መሬት የላቸውም። ከፀሐይ በራቁ ቁጥር መንገዳቸው ይረዝማል፣ ፍጥነታቸውም ይቀንሳል። ስለዚህ የሜርኩሪ ዓመት 88 ቀን፣ የማርስ 687 ቀን፣ የጁፒተር 12 ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ የኔፕቱን ደግሞ 165 ዓመት ገደማ ነው። ኔፕቱን ከተገኘ ወዲህ አንዴ ብቻ ዞሮ የጨረሰው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው።

በመጽሐፍ ሥዕል ላይ ፕላኔቶቹ ተጠጋግተው ይታያሉ፤ እውነት እንዲህ ይቀራረባሉ?

አይቀራረቡም። ተማሪን ከምንም በላይ የሚያሳስተው ይህ ሥዕል ነው። ስፋታቸውንም ርቀታቸውንም በአንድ መጠን አሳንሶ በአንድ ገጽ ላይ መሣል ስለማይቻል ሠዓሊው ርቀቱን ይጨፈልቀዋል። ትክክለኛውን መጠን ማየት ከፈለጋችሁ ወደ ኳስ ሜዳ ውጡ።

10 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው የካልሲ ኳስ ሠርታችሁ በአንደኛው ግብ መስመር መሃል አስቀምጡ፤ ያ ፀሐይ ነው። በዚህ መጠን መሬት አንዲት የጤፍ ፍሬ ታህላለች፤ ወርዷ 0.9 ሚሊ ሜትር ነው። የምትቀመጠውም 10.7 ሜትር ላይ፣ የፍፁም ቅጣት ምት ነጥቧ አጠገብ ነው። ጨረቃ ከጤፏ በ2.8 ሴንቲ ሜትር የምትርቅ የአቧራ ቅንጣት ናት። ሜርኩሪ 4.2 ሜትር ላይ፣ ማለትም አምስት ከሃምሳው ውስጥ ይቀራል፤ ቬነስ 7.8 ሜትር ላይ ትሆናለች፣ ማርስ ደግሞ አሥራ ስድስት ከሃምሳው መስመር ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ ሜዳው ባዶ ነው። የሽምብራ ፍሬ የሚያህለው ጁፒተር 56 ሜትር ላይ፣ መሃል ሜዳውን ጥቂት አልፎ ይገኛል። ከእሱ ትንሽ የምታንስ ሽምብራ፣ ሳተርን፣ 103 ሜትር ላይ ናት፤ ሜዳው 105 ሜትር ከሆነ ከወዲያኛው ግብ ፊት ማለት ነው። ምስር የሚያካክሉት ዩራነስና ኔፕቱን ከሜዳው ውጭ፣ 206 እና 323 ሜትር ላይ ናቸው።

በዚህ ሜዳ ላይ ብርሃን በሰከንድ 2.15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሄዳል። ከካልሲ ኳሱ ተነሥቶ ጤፏ ጋ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ እውነተኛው ብርሃን ከፀሐይ ወደ እኛ ለመድረስ የሚፈጅበትም ይኸው ነው። ፕሮክሲማ ሴንታውሪን በዚሁ መጠን ላስቀምጥ ያለ 2,880 ኪሎ ሜትር መጓዝ አለበት፤ ከአዲስ አበባ ካይሮ ድረስ በአየር ካለው ርቀት ይበልጣል።

ጠፈር ላይ ኦክስጅን ከሌለ ፀሐይ እንዴት ትነድዳለች?

አትነድድም። እንጨት ወይም ጋዝ ሲነድ ኦክስጅን ያስፈልገዋል፤ ፀሐይ ውስጥ የሚካሄደው ግን የኑክሌር ውህደት ነው። በመሃሏ ሙቀቱ 15 ሚሊዮን ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል። በዚያ ሙቀትና ግፊት አራት የሃይድሮጂን ኑክሌሶች (የአቶም እምብርቶች) ተዋሕደው አንድ የሂሊየም ኑክሌስ ይሆናሉ። የተገኘው ሂሊየም ከገባው ሃይድሮጂን በ0.7 በመቶ ይቀላል። የጎደለው ቁስ ወደ ኃይል ተለውጦ ይወጣል። በየሰከንዱ 600 ሚሊዮን ቶን ያህል ሃይድሮጂን ይገባል፤ ከዚያ ውስጥ 4 ሚሊዮን ቶን የሚሆነው ኃይል ሆኖ ይሄዳል። እንዲህ ሆኖም ፀሐይ ከ4.6 ቢሊዮን ዓመት በኋላ ገና ለ5 ቢሊዮን ዓመት ያህል የሚበቃ ሃይድሮጂን አላት።

ብዙዎች የፀሐይ መሃል ያለማቋረጥ የሚፈነዳ ቦምብ ይመስላቸዋል። በእርግጥ ውህደቱ በጣም ዝግተኛ ነው፤ ከመሃሏ የተወሰደ አንድ ሜትር ኩብ ቁስ የሚያመነጨው ከ300 ዋት በታች ነው። በይዘት ካነጻጸርነው የሰው አካል ከዚያ የበለጠ ሙቀት ያመነጫል። ፀሐይን ፀሐይ ያደረጋት ግዙፍነቷ ነው። ኃይሉም ከመሃል ወጥቶ ገጿ ላይ ለመድረስ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይወስዳል፤ ብርሃኑ በየመንገዱ እየተጋጨና አቅጣጫውን እየቀየረ ስለሚጓዝ ነው። ገጿ ላይ ሲደርስ ሙቀቱ ወደ 5,500 ዲግሪ ወርዷል።

የፀሐይ ቀለም ቢጫ ነው?

ነጭ ነው። ከከባቢ አየር ውጭ ያሉ ጠፈርተኞች የሚያዩዋት ነጭ ሆና ነው። አየሩ ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ ይበልጥ ይበትነዋል፤ የተበተነው ሰማዩን ሰማያዊ ያደርገዋል፣ የቀረው ወደ ቢጫ ያደላል። ስትወጣና ስትጠልቅ ብርሃኗ ብዙ አየር አቋርጦ ስለሚመጣ ሰማያዊው ከሞላ ጎደል ተበትኖ ያልቅና ቀይ ሆና ትታያለች።

ተራራ ላይ ስንወጣ ለፀሐይ እንቀርባለን፤ ታዲያ ለምን ይበርዳል?

ስለማንቀርብ ነው ማለት ይቻላል። ራስ ደጀን ጫፍ ላይ የወጣ ሰው ወደ ፀሐይ የቀረበው 4.5 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ 4.5 ቢቀነስ ምንም ለውጥ አያመጣም።

ብርዱን የሚያመጣው አየሩ ነው። የፀሐይ ብርሃን አየሩን ብዙም ሳያሞቅ አልፎ መሬቱን ያሞቃል፤ አየሩ የሚሞቀው ከታች፣ ከመሬቱ ነው። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ ይሰፋል፣ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ከመሃል አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ተነሥታችሁ 3,200 ሜትር ላይ ወዳለው እንጦጦ ብትወጡ 5 ዲግሪ ያህል የሚወርደው ለዚህ ነው፤ ከባሕር ወለል በታች ያለው ዳሎል የሚፋጀውም በከፊል ለዚሁ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ቢበርድም ተራራ ላይ ቆዳን የሚያቃጥለው አልትራቫዮሌት ጨረር ይበረታል፤ የሚያጣራው አየር ስለሚሳሳ።

ፕሉቶ ለምን ከፕላኔትነት ወጣ?

በ2005 እ.ኤ.አ. ኤሪስ የምትባል ፕሉቶን የምታህል አካል ከእሱ ወዲያ መገኘቷ ይፋ ሆነ። ወይ እሷም ከእሷ በኋላ የሚገኙትም ሁሉ ፕላኔት ሊባሉ፣ ወይ ደግሞ ፕላኔት ማለት ምን እንደሆነ ሊወሰን ግድ ሆነ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በኦገስት 2006 እ.ኤ.አ. ፕራግ ላይ ሦስት መስፈርት አወጣ፦ ፀሐይን መዞር፣ በራሱ ስበት ድቡልቡል መሆን፣ በምሕዋሩ አካባቢ ያለውን ሌላ አካል ጠራርጎ ብቸኛ ኃያል መሆን። ፕሉቶ ሁለቱን ያሟላል፣ ሦስተኛውን ግን አያሟላም፤ ስለዚህ ድንክ ፕላኔት ተባለ።

ትንሽነቱ ብቻውን ምክንያት አይደለም። ወርዱ 2,377 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከእኛ ጨረቃ ያንሳል፤ ነገር ግን መስፈርቱ ውስጥ የተወሰነ የስፋት ልክ የለም። ፈተና ላይ «ትንሽ ስለሆነ» የሚለውን ምርጫ አትክበቡ።

አጥቢያ ኮከብ የቱ ኮከብ ነው?

ኮከብ አይደለም፣ ቬነስ ናት። ምሕዋሯ ከእኛ ወደ ውስጥ ስለሆነ ከፀሐይ ርቃ አትታይም፤ ከ47 ዲግሪ አታልፍም። በዚህም የተነሳ ወይ ጎህ ሳይቀድ በምሥራቅ፣ ወይ ፀሐይ እንደጠለቀች በምዕራብ ነው የምትገኘው። እኩለ ሌሊት ላይ አናታችሁ ላይ ያያችሁት ደማቅ ነገር ቬነስ ሊሆን አይችልም፤ ብዙ ጊዜ ጁፒተር ነው።

ተያይዞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ ሜርኩሪ ለፀሐይ ይበልጥ እየቀረበ ቬነስ ለምን ትሞቃለች? አየሯ 96 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ግፊቱም ከእኛ 90 እጥፍ ይበልጣል። የገባው ሙቀት በቀላሉ ስለማይወጣ ገጿ ቀንም ሌሊትም 465 ዲግሪ ገደማ ነው። ሜርኩሪ ብርድ ልብስ የሚሆነው አየር ስለሌለው ቀን 430፣ ሌሊት ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ይደርሳል።

ክረምት የሚሆነው መሬት ከፀሐይ ስትርቅ ነው?

አይደለም። መሬት ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው ከገና ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ 25 አካባቢ ነው፤ 147.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር። በጣም የምትርቀው በሰኔ መጨረሻ ሲሆን 152.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። አውሮፓና አሜሪካ በብርድ የሚንቀጠቀጡት መሬት ለፀሐይ በቀረበችበት ወቅት ነው። ወቅት የሚፈራረቀው የመሬት ዛቢያ በ23.4 ዲግሪ ስላዘመመ ነው፤ አንዱ ንፍቀ ክበብ ወደ ፀሐይ ሲያዘነብል ቀኑ ይረዝምለታል፣ ብርሃኑም ቀጥ ብሎ ያርፍበታል።

እዚህ ላይ አንድ የትርጉም ችግር አለ፤ ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚጥልበት ነው። መዝገበ ቃላትና አንዳንድ መማሪያዎች የፈረንጆቹን የብርድ ወቅት «ክረምት»፣ የሙቀቱን «በጋ» እያሉ ይተረጉማሉ። የእኛ ክረምት ግን የዝናብ ወቅት ነው፤ የሚውለውም ሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ወደ ፀሐይ ባዘነበለበት ጊዜ ነው። «በክረምት ቀኑ አጭር ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለስቶክሆልም እውነት ነው፣ ለደብረ ማርቆስ ሐሰት ነው። አዲስ አበባ ላይ ረጅሙ ቀን ሰኔ 14 ሲሆን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ አጭሩ ታኅሣሥ 12፣ 11 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ነው ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ሰዓት መቁጠራችን ዓመቱን ሙሉ የሚሠራልን።

ክረምት ላይ የሚበርደው ደመናው ፀሐይዋን ስለሚጋርድ ነው። የሐሩሩ የዝናብ መቀነት ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣ እርጥበት ያዘለው ነፋስ ወደ ደጋው ይገባል። በቦረናና በሶማሌ ክልል ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው መቀነቱ በዚያ የሚያልፍበት ጊዜ ስለሚለይ ነው። ውርጭ የሚያቃጥለን ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጠርቶ የቀኑ ሙቀት ሌሊት ወደ ጠፈር በሚያመልጥበት ጊዜ ነው።

ፀሐይ በየቀኑ 6 ሰዓት ላይ ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች?

ሰዓቱም ቀኑም ይለያል። ከሰዓቱ እንጀምር። የኢትዮጵያ ሰዓት የተስተካከለው 45 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ባለው መስመር ነው፤ አዲስ አበባ ያለችው 38.75 ዲግሪ ላይ ነው። መሬት አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት የአዲስ አበባ እውነተኛ እኩለ ቀን በአማካይ 25 ደቂቃ ይዘገያል። በዚህ ላይ የመሬት ምሕዋር ሞላላ መሆኑና ዛቢያዋ ማዘንበሉ ስለሚጨመሩ፣ እኩለ ቀን በጥቅምት መጨረሻ 6፡09፣ በየካቲት መጀመሪያ ደግሞ 6፡39 አካባቢ ይሆናል። አገሪቱ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ስለምትዘረጋ ምሥራቅ ጫፍ ያለ ሰው ፀሐይን ከምዕራብ ጫፍ አንድ ሰዓት ያህል ቀድሞ ያያታል።

ወደ ቀኑ ስንመጣ፣ ፀሐይ አናት ላይ የምትወጣው በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 አካባቢ ነው፤ የነሐሴውን ደመና ስለሚጋርደው የሚያዝያውን ጠብቁ። ሐዋሳ መጋቢት 29፣ ባሕር ዳር ሚያዝያ 12፣ መቀሌ ሚያዝያ 18 አካባቢ ይሆናል። በሁለቱ ቀኖች መካከል፣ ማለትም አብዛኛውን ክረምት፣ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፣ ጥላም ወደ ደቡብ ይወድቃል። መካና ጅዳ ላይም ፀሐይ አናት ትወጣለች፤ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የሚማር ልጅ ግን ይህን ከቶ አያይም፤ ከ23.4 ዲግሪ ሰሜን በላይ ነውና።

በዓይናችሁ አረጋግጡት። ሜዳ በሆነ ቦታ ላይ ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ከመሬት በላይ ልክ 1 ሜትር እንዲሆን ትከሉ። በቱምቢ አቅኑት፤ ቱምቢ ከሌለ ድንጋይ የታሰረበት ክር ይበቃል። ከ6፡00 እስከ 6፡50 በየ5 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት አድርጉ። አጭሩ ጥላ የአካባቢያችሁን እኩለ ቀን ያሳያል፤ የወደቀበትም መስመር ትክክለኛው ሰሜንና ደቡብ ነው። አዲስ አበባ ላይ ታኅሣሥ 12 ጥላው 64 ሴንቲ ሜትር ወደ ሰሜን፣ መጋቢት 11 ደግሞ 16 ሴንቲ ሜትር ወደ ሰሜን፣ ሚያዝያ 5 ከዘንጉ ሥር የማይወጣ፣ ሰኔ 14 ደግሞ 26 ሴንቲ ሜትር ወደ ደቡብ ይሆናል። ልኬቱ ካልመጣላችሁ መጀመሪያ ዘንጉን ፈትሹ፤ አንድ ዲግሪ ቢያዘምም ጫፉን ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ያስኬደዋል። የጥላው ጫፍ የሚደበዝዘው ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ግማሽ ዲግሪ ስፋት ስላላት ነው፤ የደበዘዘውን ክፍል መሃል ያዙ።

ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ 6 የምትሆነው ለምንድን ነው?

መሬት ፀሐይን ዞራ ወቅቱ ወደ ነበረበት ለመመለስ 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ይፈጅባታል። ትርፏ ወደ 6 ሰዓት ስለምትጠጋ በአራት ዓመት አንድ ቀን ትሞላለች፤ ያቺ ቀን በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። የሚቀጥለው 2019 ዓ.ም. ነው።

የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው። ስሌቱ ትርፏን ሙሉ 6 ሰዓት አድርጎ ስለሚይዝ በየዓመቱ 11 ደቂቃ ከሩብ ይበልጣል፤ በ128 ዓመት አንድ ቀን ይሆናል። ፈረንጆች በ1582 ይህን ለማረም 10 ቀን ዘለሉ፤ ከዚያ ወዲህ በ400 የማይካፈሉ የመቶ ዓመታትን 366 ቀን አያደርጉም። 2100 እ.ኤ.አ. ከእነዚህ አንዱ ስለሆነ፣ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 የሚውለው መስከረም 1 ከዚያ በኋላ ሴፕቴምበር 12 ይውላል። የ7 እና የ8 ዓመቱ ልዩነት ግን ከሥነ ፈለክ ጋር አይገናኝም፤ ዘመኑን ከየት ጀምረን እንቁጠር የሚል የታሪክ ጉዳይ ነው።

ጨረቃ በየወሩ ስትዞረን የፀሐይ ግርዶሽ ለምን በየወሩ አይሆንም?

የጨረቃ ምሕዋር ከመሬት ምሕዋር ጋር በ5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። ብዙ ጊዜ ጨረቃ በእኛና በፀሐይ መካከል ስታልፍ ጥላዋ ከመሬት በላይ ወይም በታች ያልፋል። ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ ሁለቱ ምሕዋሮች በሚቋረጡበት ቦታ አጠገብ ሳለች ከተጋጠመ ብቻ ነው፤ ይህም በዓመት ከሁለት እስከ አምስት ጊዜ ይሆናል፣ በጠባብ የምድር ክፍል ላይ።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የታየው የቀለበት ግርዶሽ ነበር። ጨረቃ ያኔ ራቅ ብላ ስለነበር ፀሐይን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አቅቷት ዳር ዳሩ እንደ ቀለበት ቀረ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ ግርዶሽ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ በደቡብ ስፔን፣ በሰሜን አፍሪካና በግብፅዋ ሉክሶር አልፎ ሳዑዲ ዓረቢያንና የመንን ያቋርጣል። ጅዳና መካ ያሉ ወገኖቻችን ከ5 ደቂቃ በላይ የሚቆይ ጨለማ ያያሉ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለን ከሰዓት በኋላ፣ ደመናው ከፈቀደ፣ ከፊሉን እናያለን።

ግርዶሽን በኤክስሬይ ፊልም ወይም በባልዲ ውኃ ማየት ይቻላል?

አይቻልም። የኤክስሬይ ፊልም፣ የፀሐይ መነጽር፣ በጥላሸት የጠቆረ መስታወትና ሲዲ የሚታየውን ብርሃን ቢያደበዝዙም የማይታየውን ጨረር ያሳልፋሉ። እንዲያውም ጨለማው የዓይን ብሌን እንዲሰፋ ስለሚያደርግ የበለጠ ይጎዳል። ባልዲ ውኃም ከፀሐይ ብርሃን ጥቂት በመቶውን ወደ ዓይን ይመልሳል፤ ያ ጥቂቱ እንኳ ብዙ ነው። የዓይን ሬቲና ሕመም አይሰማውም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ፣ መሃል መሃሉ አልታይ ሲል ነው።

የሚሠራው ለግርዶሽ የተሠራና አይኤስኦ 12312-2 የሚል ምልክት ያለበት መነጽር ነው፤ ወይም ቁጥር 14 የብየዳ መስታወት። በየብየዳ ቤቱ የሚገኘው ከ9 እስከ 11 ያለው ስለሆነ ቁጥሩን ሳታዩ አትጠቀሙ። ካርቶን ላይ የ1 ወይም የ2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በስታችሁ፣ ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ ምስሏን ነጭ ወረቀት ላይ መጣል ደግሞ ያለምንም ወጪ ይሆናል። ወረቀቱ ከቀዳዳው 1 ሜትር ሲርቅ ምስሏ 9.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 9.3 ለ1,000 ሚሊ ሜትር ካካፈላችሁ በኋላ በ149.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አባዙት፤ የፀሐይ ወርድ ይወጣላችኋል። ይህን ለመሥራት ግርዶሽ መጠበቅ አያስፈልግም።

ድንቅነሽ የምትባል አስትሮይድ አለች?

አለች። አስትሮይድ ማለት ፀሐይን የሚዞር ትንሽ አለታማ አካል ነው። ድንቅነሽ በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው የአስትሮይድ ቀበቶ ውስጥ ትዞራለች፤ ወርዷ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በ1974 እ.ኤ.አ. አፋር ሐዳር ላይ በተገኘችው ሉሲ ስም የተሰየመው የናሳ መንኮራኩር ወደ ጁፒተር አካባቢ ሲጓዝ በኖቬምበር 1 ቀን 2023 አጠገቧ አለፈ። የምትዞራት ትንሽ ጨረቃ እንዳለቻትም ያን ጊዜ ታወቀ። ጨረቃዋ ሁለት ተጣብቀው የቀሩ አለቶች ናት፤ ዲኪካ ላይ በተገኘችው ሕፃን ስም ሰላም ተባለች።

ፊልም ላይ እንደምናየው መንኮራኩሮች በአለት መካከል እየተጠማዘዙ አይሄዱም። በቀበቶው ያለው ሁሉ ቢሰበሰብ የጨረቃችንን 3 በመቶ ነው የሚሆነው፤ አንዱ ከሌላው በአማካይ እጅግ ይራራቃል።

ፀሐይ መሃል ላይ ቆማለች ወይስ እሷም ትንቀሳቀሳለች?

በሦስት መንገድ ትንቀሳቀሳለች። በራሷ ዛቢያ ትሽከረከራለች፤ ጠጣር ስላልሆነች ወገቧ በ25 ቀን ሲዞር ዋልታዎቿ 35 ቀን ገደማ ይፈጅባቸዋል። መላውን ሥርዓተ ፀሐይ ይዛም በሰከንድ 230 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘች የፍኖተ ሐሊብን፣ ማለትም እሷ ያለችበትን ግዙፍ የከዋክብት ስብስብ፣ መሃል ትዞራለች፤ አንዱ ዙር 230 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው።

ሦስተኛው ብዙዎችን ያስገርማል። ፕላኔቶች ፀሐይን ይዞራሉ ስንል ነገሩን እያቀለልን ነው፤ በትክክል ሲነገር ፀሐይም ፕላኔቷም የጋራ የክብደት ማዕከላቸውን ይዞራሉ። የፀሐይና የጁፒተር የጋራ ማዕከል ከፀሐይ እምብርት 742,000 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ የፀሐይ ሬዲየስ 696,000 ስለሆነ ነጥቡ ከገጿ ውጭ ይወድቃል። በዚህ ምክንያት ፀሐይ በ12 ዓመት ውስጥ በሰከንድ 12.5 ሜትር ፍጥነት ትወዛወዛለች፤ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር፣ መንገዱ የተለቀቀለት የከተማ ሚኒባስ ፍጥነት ነው።

በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ ያሉ ብዙ ፕላኔቶች የተገኙት እንዲህ ያለውን ውዝዋዜ በመለካት ነው። ኮከቡ ወደ እኛ ሲመጣ ብርሃኑ በጥቂቱ ወደ ሰማያዊ፣ ሲርቅ ወደ ቀይ ይሳባል። ኤችዲ 16175 የተባለው፣ 200 የብርሃን ዓመት (የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) ገደማ የሚርቅ ኮከብ በዚህ መንገድ ሲለካ፣ በ2 ዓመት ከ8 ወር ገደማ አንዴ የሚዞረው፣ ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ የሚከብድ ፕላኔት ተገኘበት። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2019 እ.ኤ.አ. ለየአገሩ አንድ ኮከብና ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሲሰጥ ለኢትዮጵያ የደረሳት ይህ ነበር። ኮከቡ ቡና፣ ፕላኔቱም አቦል ተባሉ። አንድሮሜዳ በተባለው የኮከብ ክምችት ውስጥ ነው፤ በባዶ ዓይን ባይታይም፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከከተማ መብራት ርቆ የሄደና የኮከብ ካርታ የያዘ ሰው በመደበኛ ባይኖኩላር ቡናን ሊያገኘው ይችላል።